ቀይ አላብብም ስላለው ከርከዴ

ለተከበሩ ጓድ ደምለው
የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የምርት ዘመቻው ኮሚቴ ሰብሳቢ
መተማ

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣

ወባው፣ ጭቃውና ስብሰባው ሳይበግርዎት ክረምቱን እንዴት ይዘውታል? እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ ነኝ፤ ሌላ የት እሆናለሁ? ጤናዎ ቤቴ ውስጥ እንዳለው ተክል እንዲለመልም፣ ዕድሜዎም እንደ ንግግርዎ እንዲረዝም ከልብ እመኛለሁ።

ይህን የምጽፍልዎት በታላቅ ደስታ ነው። ሰው ደስታዋ ከምን መጣ ይል ይሆናል። በሯ ላይ ጠመንጃ የታጠቀ ዘበኛ የቆመላት፣ ጣራዋ በመመሪያ የተከፈተላት ልብስ ሰፊ በዚህ አገር ከእኔ ሌላ ካለች ይንገሩኝ። ጎንደር አሥረኛ ክፍል ድረስ ስማር አስተማሪያችን አቤቱታ በቁጥር ሲቀርብ ያምራል ይሉን ነበር። እኔ አቤቱታ የለኝም፤ ያለኝ ምስጋና ነው፤ እሱንም በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ግቢዬን ስለወሰዱልኝ አመሰግናለሁ። አምና ለሕዝብ መሰብሰቢያ ይሁን ብለው በገመድ ሲያስለኩት ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ጥቅሙ የገባኝ በኋላ ነው። ሌላው ሰው ለስብሰባ ጭቃ አቋርጦ ይመጣል፤ እኔ ግን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ በመስኮት እሰበሰባለሁ። በግንቦቱ ስብሰባ «እያንዳንዱ አባወራና እማወራ በጓሮው አንድ ነገር ያልማ፤ ጓሮ የለኝም የሚል ሰበበኛ ነው» ብለው ሲያውጁ ቆመው የነበሩት ጎመኔ በነበረበት መደብ ላይ ነው። ሰበበኛ ላለመባል እኔም በራሴ ቤት ውስጥ፣ በአልጋዬና በስፌት መኪናዬ መካከል፣ በዘይት ጣሳዎች ተከልኩ። ዘሩ ከወሎ የመጣ አንድ ሰሊጥ አጫጅ እንድጥፍለት ሰጥቶኝ ሳይመለስ ከቀረው ሱሪ ኪስ የተገኘ ነው። ሰውየው ማዶ ሱዳን ሠርቶ የተመለሰ ነበር፤ ምን ዘር እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም የሰው ዘር ከሚበሰብስ ላብቅለው ብዬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት።

ለጀማሪ ሰው መቼም ጣጣው ብዙ ነው። መጀመሪያ ውኃ አበዛሁበት፣ ቢጫ ሆነ። ቀጥዬ ትኩስ የፍየል በጠጥ ጨመርኩበት፣ ሥሩን አቃጠለው። ከተረፈው ደግሞ እኩሌታው ብርሃን ፍለጋ እንደ ክር ቀጥኖ ወደ መስኮቱ ተንጠራራ፤ እሱም እንደ እኔ መውጣት አምሮት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ተክሉን ክርስትና ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። ቡቃያው ቅጠሉን እንደ ሰው ጣት ሲዘረጋ ምንነቱ ግራ ገባኝ። ደጋ ያደገ ሰው ጎመንና ጌሾ እንጂ የቆላ ተክል የት ያውቃል? ስለዚህ አንዱን ጣሳ አቅፌ ስብሰባው መካከል አመጣሁልዎት። እርስዎም የዳባት ደገኛ መሆንዎ ምንም ሳያግድዎት ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው «ጓዶች፣ ይህ ከርከዴ ነው! አበባው እንደ አብዮታችን ቀይ ነው! ለመስከረም ሁለት በዓላችን ይደርሳል!» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ጣሳውን መሬት አስቀምጬ አጨበጨብኩ። አበባው ተፈልቶ የሚጠጣውን ከርከዴ ስትሸጥ የኖረችው ጎረቤቴ ዘሊካ እዚያው ነበረች፤ ነገር ግን ነጋዴ ናትና፣ ንዑስ ከበርቴ ስለ ቅጠል ምን ታውቃለች ተብሎ የጠየቃት አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጣራዬ። ተክሉ ብርሃን አንሶታል ብለው ከጣራዬ ላይ ሁለት ቆርቆሮ ስላስነሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ። መተማ ሲዘንብ እንዴት እንደሚዘንብ ያውቁታል። አሁን የምተኛው ጃንጥላ ከአልጋው ራስጌ አስሬ ነው። ተክሉ ግን ተመቸው። ወደ ላይ እንዳያመልጠኝ ጫፉን ብቀነጥበው በአንድ አናት ፋንታ ሁለት አወጣ፤ ሁለቱን ብቀነጥብ አራት ሆኑ፤ ይህን ጠባይ ከኮሚቴ በቀር በሌላ ፍጥረት አይቼ አላውቅም። ይኸውና ዛሬ ቤቱን ሞልቶታል። መርፌ ለማንሳት ቅጠል መግለጥ አለብኝ። ጣቴ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ሽታው ደግሞ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ ዞር ያሰኛል።

በዚህ ላይ ከፍየልና ከአሻጥረኛ እንዲጠብቁልኝ የቀበሌውን ዘበኛ አያ ሰጠኝን ከነጠመንጃቸው በሬ ላይ አቆሙልኝ። መመሪያው እኔ ተክሉን ብቻውን ትቼ እንዳልወጣ፣ ሌላ ሰውም እንዳይገባ ይላል። እስካሁን ፍየል አልመጣም፤ ልብስ የሚያሰፋም አልመጣም። አያ ሰጠኝ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። ትንኙ ሲያስቸግራቸው የረገፈውን ደረቅ ቅጠል ሰብስበው በገል ላይ እያጨሱ ይቀመጣሉ። ከዚያ ወዲህ ትንኙ ቀረ፤ እሳቸው ግን ሳቅ ጀመራቸው። ባለፈው ሳምንት እርስዎ ስለ ጠላት ሴራ ሲናገሩ ከኋላ ሆኖ ሆዱን ይዞ የተንከተከተው ማን እንደሆነ እያስጠየቁ ነው አሉ። አደራዎን፣ ሽማግሌውን እንዳይቀየሟቸው፤ ያጨሱት የዘመቻውን ምርት ነው።

አራተኛውና ዋናው ምስጋናዬ እነሆ። ዘሊካ ክር ይዛልኝ መጣች። አያ ሰጠኝ ያን ዕለት ልባቸው ሰፍቶ ነበርና «ግቢ ልጄ፣ ዓለም እንደሁ ለሁላችንም ትበቃለች» ብለው አስገቧት። ገብታ ቀና አለች፤ ቅጠሉን ቀጠፈች፤ አሸተተች፤ ከዚያም ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ በሳቅ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

«አንቺ ጥሩአየሁ፣ ይህ ከርከዴ ከሆነ ወላሂ እኔ ግመል ነኝ!»

«ሊቀመንበሩ ናቸው ከርከዴ ነው ያሉት» አልኳት።

«ሊቀመንበሩ ይጠጡታ! ባንጎ ነው፣ የኔ እህት፤ ሐሺሽ ነው። ማዶ ያስራል፣ ወዲህም ያስራል። አንቺ ደግሞ ጣራ ከፍተሽ፣ በጠመንጃ አስጠብቀሽ ታለሚዋለሽ!»

እኔ በዚያች ሰዓት እንደ ዘሊካ መሳቅ አልቻልኩም። ያችኑ ዕለት ዘሊካን ከተክሉ ዘንድ ትቼ፣ አያ ሰጠኝ ከኋላዬ እየተከተሉኝ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ እንዲነቀል ለመንኩዎት። የመለሱልኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ወይዘሮ ጥሩአየሁ፣ ሕዝብ ያጨበጨበለት ነገር ወደ ኋላ አይመለስም። ከርከዴ ነው ተብሏል፣ ከርከዴ ነው። የእርስዎ ድርሻ ለበዓሉ ቀይ እንዲያብብ ማድረግ ነው፤ አንዲት ቅጠል ብትነቀል ግን በአሻጥር ይጠየቃሉ።» አክለውም ከአውራጃ ለሚመጡት እንግዶች አበባው በትልቁ ድስት ተፈልቶ እንዲቀርብ፣ የማፈላውም እኔ እንድሆን አዘዙኝ። አራተኛው ምስጋናዬ ለዚህ ክብር ነው።

እንግዲህ ጓድ ሊቀመንበር፣ በቦታው ያለውን ሰው ያህል ቦታውን የሚያውቀው የለምና፣ ያለሁበትን ላስረዳዎት። ብነቅለው አሻጥረኛ ነኝ። ባልነቅለው ወንጀለኛ ነኝ። አፍልቼ ባጠጣ ደግሞ የአውራጃ ባለሥልጣን መርዛለች በሚል የምጠየቀው እኔ እንጂ ድስቱ አይደለም። ልሽሽ እንዳልል በሩ ላይ ጠመንጃ አለ፤ በጣራው እንዳልወጣ ዕድሜዬም ውፍረቴም አይፈቅድም። ሌት ተቀን ከእሱ ጋር ነኝ። አንዳንዴ ስመለከተው ከሁለታችን የታሰረው ማን እንደሆነ ይጠፋኛል፤ እሱ እንኳ ሰማይ የሚያይበት ተከፍቶለታል።

ቀይ እንዲያብብ ያልሞከርኩት የለም። የበርበሬ ውኃ አጠጣሁት። የዛገ ሚስማር ሥሩ ቀበርኩ። ጓድ ሊቀመንበር፣ በስምዎም ለመንኩት። የሰጠኝ መልስ እንደ ድመት ጭራ የተድበለበለ፣ ጸጉራም፣ አረንጓዴ አበባ ብቻ ነው። ሕዝብ አጨብጭቦልሃል ብዬ ብነግረውም አልሰማ አለኝ፤ ንቃቱ ዝቅተኛ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ከሰፊው ጊዜዎ ጥቂት ቆርሰው ከሁለት አንዱን እንዲያደርጉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ወይ «ንቀይ» የሚል ትእዛዝ በማኅተም ይስጡኝ፤ ተክሉን ከእነ ሥሩ አቃጥዬ፣ ቆርቆሮዬን መልሼ፣ የሰው ሱሪ ወደ መጣፌ ልመለስ። ወይም ደግሞ ጣሳዎቹን ሁሉ ወደ ቢሮዎ ያስወስዱልኝ። ቢሮዎ ሰፊ ነው፣ መስኮቱም ትልቅ ነው። እንግዶቹ ሲመጡ ያለማው ሰውና የለማው ነገር ጎን ለጎን ቢታዩ ለሁሉም ያምራል። ያደፈው ልብስ የማን እንደሆነ ያኔ ወንዝ ዳር ይለያል።

ድፍረቴንና ተናጋሪነቴን ይቅር ይበሉልኝ። ለብቻዎ እንዳልነግርዎት ለብቻዎ ነግሬዎት አይተናል፤ ከዚህ በኋላ በሹክሹክታ የምታዘዘው ነገር ቢኖር ያስፈራኛል። የሰማ ሰው በበዛ ቁጥር እኔን ብቻዬን መክሰስ እየከበደ ይሄዳል ብዬ አስቤ ነው፤ ይህን ያሰብኩበት ቀን ነው እንግዲህ ደስታዬ የጀመረው።

ጎመኔን የረገጡ እግሮችዎ እንዳይደክሙ፣ ቅጠል የሚለዩ ዓይኖችዎ እንዳይፈዙ እየተመኘሁ፣ እናት አገር ወይም ሞት እንዳልል ከሁለቱም በፊት በር እንዲከፈትልኝ ስለምፈልግ፣ በዘበኛዎ ጠመንጃና በራሴ ጃንጥላ ሥር ሆኜ፣ ለእርስዎ ያለኝን ልክ የሌለው አክብሮት ከነሽታው አቀርባለሁ።

ጥሩአየሁ ማሩ
ልብስ ሰፊ፣ ያለ ፈቃዷ የምርት ጀግና
ነሐሴ ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ የደብዳቤውን ግልባጭ ግቢዬ ውስጥ ባቆሙት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አያ ሰጠኝ ራሳቸው እየሳቁ ለጥፈውልኛል። ዛሬ ቅዳሜ፣ ገበያ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ቢሆን የሚያነበው እርስዎና እኔ ብቻ በሆንን ነበር፤ በእርስዎ ብርቱ አመራር በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ምስጋና ይግባውና፣ ዛሬ እናቶች ሳይቀሩ በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው ያነቡታል። ለእርስዎ በምልከው ላይ ይህችን መስመር እየጨመርኩ ያለሁት በመስኮቴ እየሰማኋቸው ነው፤ ዘሊካ ከተናገረችው ላይ ደርሰዋል። አንዲቱ እናት «ባ» አለች፤ «ን» ላይ ትንሽ ተቸገረች፤ «ጎ»ን ግን ገበያው ሁሉ አብሮ አነበበላት።