ከሰባት ወደ ዘጠኝ

እሑድ፣ መጋቢት 9 ቀን

ለናፈቅከኝ ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት ቢያታግለኝም ስፌቴን አልተውኩም፣ አለሁ። አባትህም አለ፤ መኖር ከተባለ።

ሐኪሙ ያዘዘችለትን ልንገርህ። መጀመሪያ "ጠዋት ጠዋት ይራመዱ፣ እርምጃ ለአንጎል ደም ያደርሳል" አለች። ተራመድን። እንቅልፉ ተስተካከለ፣ ቁጣውም በረድ አለ፤ የገዛ ቤቱን በር ግን እኔ ካላሳየሁት አያውቀውም። ቀጥላ የጠረጴዛ ቴኒስ አዘዘች። ዓይን፣ እጅና ሐሳብ አንድ ላይ ስለሚሠሩበት አእምሮን ያነቃል አለችኝ። "በቦክስ የሄደውን ይመልስለታል?" ብዬ ጠየቅኳት። "እናቴ፣ የሄደው ሄዷል፤ የቀረውን እናቆይለት" አለች። እውነቱን መናገሯ ደግ ነው።

እና በዚህ ዕድሜዬ ስፖርተኛ ሆኜልሃለሁ። ልብስ የምቆርጥበትን ጠረጴዛ አጸዳሁ፣ መሐሉ ላይ የክር ጥቅል ደርድሬ መረብ አደረግኩት። ጎረቤቴ በመስኮት አይታን "ደግሞ ምን ጀመርሽ፣ ኦሎምፒክ ልትሄጂ ነው?" አለችኝ። አባትህ ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው መሰለህ። እጁም ፈጣን ነው፣ ኳሷ አታመልጠውም። እኔ ሞኟ ተስፋ አደረግኩ።

ነጥብ ጮክ ብዬ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ስድስት፣ ሰባት ብዬ ስምንት ስል ራኬቱን ይጥላል። ሁለት ክንዱን ወደ ፊቱ አንሥቶ ትክ ብሎ እያየኝ "ደህና ነኝ፣ መቀጠል እችላለሁ" ይለኛል። መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ለካ ዳኛው መስዬዋለሁ። ተመትቶ የወደቀ ቦክሰኛ ሲነሣ ዳኛው እስከ ስምንት ቆጥሮ እንደሚጠይቀው አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ። የእኔን ስም ረስቶ ይህን አልረሳም። አሁን ከሰባት ወደ ዘጠኝ እዘላለሁ፤ አይነቃብኝም።

አሠልጣኝህ ደውሎ "የልጅዎ ጭንቅላት ብረት ነው፣ ቢመቱትም አይሰማውም" እያለ አሞገሰህ። አባትህንም እንደዚሁ ነበር የሚሉት። በሚመጣው ወር ትልቅ የቦክስ ግጥሚያ አለኝ ብለኸኛል። አትግባ፣ ልጄ። ሩጥ፣ ዋኝ፣ ኳስ ተጫወት፤ ጭንቅላትህን ግን ለማንም አታስመታ። ፈሪ ቢሉህም ይበሉህ። ፈሪ ለእናቱ ሲባል አልሰማህም? እኔ ፈሪውን ነው የምፈልገው።

ባለፈው ስትደውል "አባዬ እንዴት ነው?" አልከኝ፤ ነገርኩህ። ስለ ስፌቴ ትንሽ አወራንና ደግመህ "አባዬ እንዴት ነው?" አልክ። ልትዘጋ ስትል ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅከኝ። ሦስቴም እንደ አዲስ መለስኩልህ፣ ለእሱ እንደማደርገው። ስልኩ ሲዘጋ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ለአባትህ አልነገርኩትም፤ ብነግረውስ?

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ። ለአፈሬ ያብቃህ፤ ያን ቀን ማንን እንደምትቀብር የምታውቅ ያድርግህ።

እናትህ

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ጻፈች እንዳትል። ወረቀት ተመልሶ ይነበባል። ስትጨርስ ትራስህ ሥር አድርገውና ነገ ጠዋት እንደገና አንብበው።