ድንጋዩ ለመኪና ነበር

ለታዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ሰው ስለ ባለቤቴ ሲጠይቀኝ «አረፈ» የሚለው ቃል አሁንም ከአፌ አይወጣም። «ብስክሌት ተወዳዳሪ ነው» እላለሁ። «ነበር» ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ስለምፈራው ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የቡራዩን ቤት ለቀቅኩ። አከራያችን እትዬ አስቴር እንዳልሄድ ብዙ ለመኑኝ፤ ግን ብስክሌትህን ታስደግፍበት የነበረው ግድግዳ ላይ የመሪው ጭረት አለ፤ በር በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፍ ነበር። አሁን ሰበታ ነኝ፣ ከክር ፋብሪካው ጀርባ። ግቢውን ከሁለት የሶዶ ልጆች ጋር ተካፍለን ነው የምንኖረው። እሁድ እሁድ አብረን ቸርች እንሄዳለን። ሥራዬም ያው የክር ፋብሪካው ነው፣ ማሽኑም ያው ነው።

ልጅህ ተወለደች፣ ለታዬ። ሴት ናት። እናትህ ኬና ብለው ስም አወጡላት። «ስጦታ ማለት ነው» ብለው ሲተረጉሙልኝ ሁለታችንም ተቃቅፈን አለቀስን። እግሯ ረጅም ነው፣ የአንተ እግር። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከእናትህ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእናቴ ጋር በወላይትኛ ታወራለች፤ ስትናደድ ሦስቱንም ትደባልቃቸዋለች። «አባ» የምትለው ግን አባትህን ኦቦ ቶሎሳን ነው። አላረምኳትም። ምን ብዬ ላርማት?

መጀመሪያ የተገናኘንበትን ቀን አስባለሁ። ከፋብሪካ ወጥተን ከጓደኞቼ ጋር በተፍኪ መንገድ ዳር ቆመን ታክሲ ስንጠብቅ፣ አንተ ላብህ እየተንጠባጠበ መጥተህ ውሃ ለመንከኝ። ልጆቹ በጠባቡ ቁምጣህ ይሳሳቃሉ። ጠርሙሴን ተቀብለህ አንዴ ተጎነጨህና ቀሪውን ብስክሌትህ ላይ ሰካኸው። «ምነው፣ ጠጣው እንጂ» ስልህ «ኋላ ለሚመጣው ለቡድናችን መሪ ነው» አልከኝ። በራሴ ውሃ ሌላ ሰው ልታጠጣ! ተናደድኩብህ። በኋላ ነው ያስረዳኸኝ። አንድ ሰው እንዲያሸንፍ ሌሎቻችሁ ነፋሱን ትጋፈጡለታላችሁ፣ ውሃ ታመላልሱለታላችሁ፣ ጎማው ከፈነዳም የራሳችሁን ትሰጡታላችሁ። «ታዲያ አንተ መቼ ነው የምታሸንፈው?» አልኩህ። ሳቅክ። «ቁልቁለት ላይ ማንም አይደርስብኝም፣ መሲ። እሱ ይበቃኛል።»

ከዚያ ያ የተራራ ውድድር መጣ። ክለባችሁ ከአገር ውጭ ተጋብዞ አንተም ተመረጥክ። ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ ከአንዱ ከተማ ተነስታችሁ ተራራ እየወጣችሁ እየወረዳችሁ ሌላው ከተማ ትገባላችሁ፤ የየቀኑ ሰዓት ይደመርና ያነሰው ያሸንፋል። ስሸኝህ ሆዴ በጣም ገፍቶ ነበር። «ትልቁ ተራራ ያለበት ቀን ላይ ጠብቂኝ» አልከኝ። «ጫፉ ላይ ከፊተኞቹ ጋር ከደረስኩ፣ ቁልቁለቱን ለእኔ ተይው። የዚያን ቀን አሸናፊ እኔ ነኝ።»

አንተ በሄድክ ሰሞን ቡራዩ ታመሰች። ስለ ማስተር ፕላኑ፣ አዲስ አበባ ዙሪያዋን ጠቅልላ ልትውጠን ነው እየተባለ በየቤቱ ሲጉረመረም የከረመው ነገር አደባባይ ወጣ። ተማሪዎች ከየትምህርት ቤቱ ወጡ፤ የአምቦ መንገድ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ፤ ተኩስ ተሰማ። እኔ እትዬ አስቴር ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎልኝ ሆዴን ይዤ ዋልኩ። ስልክ አይሠራም። ኢንተርኔት የለም። ያ የተራራው ቀን ደርሶ ሲያልፍ አሸነፍክ፣ ወደቅክ፣ የማውቀው አልነበረም።

አንተም የእኛን አታውቅም ነበር። ሆቴሉ መግቢያ ላይ ባለው ቴሌቪዥን የሰፈራችንን ጭስ አይተህ፣ ደጋግመህ ደውለህ ስታጣኝ አሰልጣኝህን «መልሱኝ» አልከው። «በምን ልመልስህ? አውሮፕላኑ የሳምንቱ መጨረሻ ነው» አለህ። አደርክና ብስክሌትህ ላይ ወጣህ።

ተርከህልኝ አልጠግብም ነበርና እኔው መልሼ ልተርክልህ። ዳገቱ ማለቂያ አልነበረውም አልክ። ሌሎቹ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ቀርተው ከፊት ጥቂት ሆናችሁ፤ አንተም ከመካከላቸው ነህ። የተራራው ጫፍ ይታያል። ከጫፉ ወዲያ ደግሞ ያንተ ቁልቁለት ነው። ያኔ በጆሮህ ባለው ማዳመጫ የአሰልጣኙ ድምፅ መጣ፤ የመሪያችሁ የፊት ጎማ ፈንድቷል፣ ትርፍ ጎማ የጫነው መኪናችሁ ኋላ ሰው መሃል ተይዟል፣ ቁም። ቆምክ። ጎማህን ፈተህ በእጅህ ይዘህ ጠበቅከው። ደረሰ፣ ገጠምክለት፣ ከኋላ ገፋኸው፣ ሄደ። ሌሎቹ ሁሉ በአጠገብህ አለፉ። አንተ ጎማ የሌለው ብስክሌት አቅፈህ መንገድ ዳር ተቀመጥክ።

የዚያ አገር አንዲት ሴትዮ የተቀቀለ በቆሎ ሰጠችህ። አንተ ስቅስቅ ብለህ ታለቅሳለህ፤ እሷ አንተ በማታውቀው ቋንቋ ጀርባህን እየደባበሰች ታባብልሃለች። «መሸነፌ ያስለቀሰኝ መስሏታል» አልከኝ። «እኔ ግን ፔዳል እየመታሁ ማልቀስ አልችል ብዬ፣ ለአንቺ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ሞታ ይሆናል ብዬ።»

መሪያችሁ የአሸናፊውን ቢጫ ማሊያ ለብሶ ፎቶ ተነሳ። አንተ መኪናው ሲደርስ ጎማ አግኝተህ ከኋለኞቹ ጋር ጨረስክ። ስትመለስም ከአስኮ ወዲያ ታክሲ አይሄድም ሲሉህ፣ ሻንጣህን ጓደኛህ ቤት ጥለህ ብስክሌትህን ከካርቶን አውጥተህ ገጣጥመህ መጣህ። በራችን ላይ የፍሬንህን ሲጥጥታ ስሰማ በባዶ እግሬ ወጣሁ። እትዬ አስቴር እልል አሉ፤ በዚያ ቀን በሰፈሩ እልልታ ነውር ነበርና ወዲያው አፋቸውን ያዙ። የጎረቤት ልጅ ተቀብሮ ገና ሦስቱ አልወጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ የኖርነው ጥቂት ሳምንት ነው። እነዚያን ሳምንታት አብዝቼ አላወራቸውም። ሲወራ የሚያልቁብኝ ይመስለኛል።

ያን ቀን ጠዋት አባትህ ከሱሉልታ ደወሉ። እናትህ ላይ ስኳሩ ተነስቶባቸዋል፤ የሚወጉት መድኃኒት አልቋል፤ የሱሉልታ ፋርማሲ ዝግ ነው፤ መኪና አይገባም አይወጣም። አንተ ወዲያው ተነስተህ አዲስ አበባ ገብተህ መድኃኒቱን ገዛህና፣ ከዚያው ደውለህ በብስክሌትህ በእንጦጦ አድርገህ እንደምትሄድ ነገርከኝ። «ነገ ይረጋጋ ይሆናል» አልኩህ። «እናቴ እስከ ነገ ላትቆይ ትችላለች። ደግሞ ያን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምወርደው» አልከኝ። አላጋነንክም። ብስክሌት የለመድከው እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው መጡ። ከሱሉልታ ቡራዩ ድረስ እንዴት እንደመጡ እስካሁን አልነገሩኝም። በሩ ላይ ቆመው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እናታችን?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷ ድናለች» አሉኝ። ሌላ ቃል አላስፈለገኝም።

ቁልቁለቱ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መንገዱን ከሚጋርድበት መታጠፊያ ወዲያ፣ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በድንጋይ ተዘግቶ ነበር። ስትታጠፍ አየኸው፤ ግን ለማቆም ቦታ አልነበረህም።

ኬናን የወለድኩት ሐዘን ላይ ተቀምጬ ነው። አራስ ቤት እያለሁ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። አባትህ አጠገቤ ነበሩ። ሬዲዮውን ዘጉት። «ፕላኑም ቀረ» አሉ። «ለታም ቀረ።» መሬታቸው አልተነካም፣ ለታዬ። ዘንድሮም ገብስ ዘርተውበታል። ግን የደረሰውን አዝመራ እንኳ የሚያዩት እንደ ሌላ ሰው ማሳ ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍልህ ያደረገኝን ልንገርህ።

ባለፈው እሁድ ከቸርች ስመለስ አባትህ ከአንድ ወጣት ጋር ግቢው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ልጁን አላወቅኩትም። «በዳሳ ነው» አሉኝ። «የጎረቤታችን ልጅ። አሁን ገላን መጋዘን ውስጥ ጭነት ያወርዳል። መጀመሪያ እኔ ጋ መጣ። የነገረኝን ላንቺም በራሱ አፍ ይንገርሽ ብዬ አመጣሁት።» ገቡ። ልጁ ወንበር ስሰጠው አልቀመጥም አለ። ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ እንዲህ አለኝ፦

«እህቴ፣ ድንጋዩን ካስቀመጡት አንዱ እኔ ነኝ። ለመኪና ነበር። ብስክሌት ይመጣል ብለን አላሰብንም።»

ልጮህበት ፈለግሁ። ላስወጣውም ፈለግሁ። ኬና ውጭ ከልጆቹ ጋር ስትስቅ ይሰማኛል። ስንት ጊዜ እነዚያን ሰዎች በልቤ ፊት የሌላቸው አድርጌ ረግሜያለሁ! አሁን ፊት ኖራቸው፤ ያውም ገና ጢም በቅጡ ያላበቀለ ፊት።

«ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ከወደቀ በኋላ የተናገረውን ሁሉ ንገረኝ። አንዲት ቃል እንዳታስቀርብኝ።»

ነገረኝ። ሮጠው ሲደርሱ ነፍስህ አልወጣችም ነበር። በዳሳን አወቅከው። ልጅ ሆኖ ብስክሌትህን እየተከተለ ሲሮጥ ዳገቱ ላይ ቀስ እያልክ ትጠብቀው እንደነበር ነገረኝ፤ ይህን ሲነግረኝ ነው እንባው የመጣው። በስሙ ጠርተህ «ኪሴን እይልኝ፣ ጠርሙሱ ተሰብሯል?» አልከው። ከጀርባ ኪስህ ሲያወጣው በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነበር፤ ደህና ነው አለህ። «በል ለእናቴ አድርስ» አልከው። እሱ መድኃኒቱን ይዞ ሲሮጥ ጓደኞቹ የደረደሩትን ድንጋይ በእጃቸው እያነሱ ወረወሩት፤ አንተን የሚወስድ መኪና እንዲያልፍ። መኪናው ተገኘ፣ አለፈም። አንተ ግን ሆስፒታል አልደረስክም። እናትህ የዳኑት በዚያ መድኃኒት ነው፤ ያደረሰላቸውም እሱ ነው። እሳቸው እስካሁን ክንዳቸውን ሲወጉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

«ስለ እኔስ?» አልኩት፤ አፍሬ ነው የጠየቅሁት። «መሲ ብቻዋን ናት አለ» አለኝ። «እሱን ደጋግሞ ነው ያለው።»

አባትህ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ልጁ እንደቆመ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ እንድለው የሚጠብቅ መሰለኝ። አላልኩትም፣ ለታዬ፤ ልዋሽህ አልፈልግም። ቃሉን በአፌ ፈለግሁት፣ አጣሁት። ውሃ ቀዳሁለት። ቆሞ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። «ቁጭ በል» አልኩት፤ ተቀመጠ። ምሳ ቀረበ፤ ከአባትህ ጋር ከአንድ ትሪ በላ። ሲወጣ «እንዳትጠፋ» አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ምናልባት ልጅነትህን ያየ ሰው ለኬና ስለሚያስፈልጋት ይሆናል። ምናልባት የመጨረሻ ድምፅህ ያለው እሱ ጆሮ ውስጥ ስለሆነ ነው።

በማግስቱ ኬናን ይዤ ሱሉልታ እናትህን ልጠይቅ ሄድኩ። እስከዛሬ በዚያ መታጠፊያ ሳልፍ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ያን ዕለት ግን ገለጥኩት። ምንም የለም። አስፋልቱ ንጹሕ ነው፣ ባሕር ዛፉ ረዝሟል፣ ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች እየጮሁ ይወርዳሉ፤ ማንም ፍጥነቱን አይቀንስም። አንድ ሰው እዚህ መቅረቱን የሚያውቅ የለም።

እኔ አውቃለሁ። ከእንግዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሹፌሩን «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ቀስ በልልኝ» እለዋለሁ። ያን ዕለትም አልኩት። በመስታወቱ አየኝና «ምን አለ እዚህ?» አለኝ። ታክሲው ሙሉ ሰው ነበር፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ኬናን ጭኔ ላይ ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሙሉ ስምህን ነገርኩት።

መሠረትህ