ለአባባ፦ ፍሎቲላ ማለት ምን እንደሆነ

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

አባባ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ሲወጡ ማስቸገሩን ተወት አደረገ? ክር ወደ መርፌ ለማስገባት አሁንም እማዬን ይጠራሉ ወይስ መነጽሩን ማድረግ ጀመሩ? እማዬስ ደህና ናት? ሳሏስ ለቀቃት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እንደናፈቃችሁኝ ብከሳ ኖሮ ነፋስ ይወስደኝ ነበር፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ እንዲያውም ወፍሬአለሁ።

ደብዳቤዎ ሰኞ ደረሰኝ። ስፌት ላይ ሆነው ከሬዲዮ «ፍሎቲላ» የሚል ቃል ሰምተው፣ ከጎረቤታችን ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ተከራክራችሁ እንደተኳረፋችሁ ጽፈዋል። እሱ የአንድ ትልቅ መርከብ ስም ነው ብሎ፣ እርስዎ ደግሞ የጦርነት ዓይነት ነው ብለው። «አንተ ወደብ ላይ ነህና ፍረድ» ይሉኛል። እሺ፣ ልፍረድ፦ ሁለታችሁም አላገኛችሁትም። እሱ ግን መርከብ በማለቱ ትንሽ ቀረብ ብሏል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ፍሎቲላ ማለት አብረው የሚሄዱ የትናንሽ ጀልባዎች ወይም የትናንሽ መርከቦች ጓድ ነው። አንዲት ጀልባ ብቻዋን ፍሎቲላ አትባልም፤ አንድ ትልቅ መርከብም የፈለገውን ያህል ቢገዝፍ አይባልም። ይህን ያስረዳኝ ሪዛሙ የምንለው ጀልባ ነጂ ነው። በወጣትነቱ መርከበኛ ስለነበር የስፔንን ቋንቋ ይናገራል። እነሱ የመርከቦችን ጓድ ፍሎታ ይሉታል፤ መጨረሻውን ለወጥ አድርገው ፍሎቲላ ሲሉ ደግሞ ትንሽዬዋ ጓድ እንደማለት ነው። እርስዎ ደስ ሲልዎት እኔን ወንዱን ልጅዎን «ነይ እስቲ አንቺ» ይሉኝ እንደነበረው ነው፤ ማሳነስ አለበት እንጂ ንቀት የለበትም። ባሕር ኃይሎችም ትናንሽ የጦር መርከቦቻቸውን ቡድን በዚህ ስም ይጠሩታልና፣ ጦርነት ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። ግን ዓሣ አጥማጆችም ሆኑ ለሽርሽር የወጡ ሰዎች፣ ጀልባ ጀልባቸውን ይዘው አብረው ከሄዱ ፍሎቲላ ናቸው።

እኔም ብሆን ቃሉን ያወቅሁት ከእርስዎ ሁለት ሳምንት ብቀድም ነው፤ ያውም በጭንቅ። ሐሳብ እንዳይገባችሁ ብዬ ነው ያልጻፍኩላችሁ። እንደሚያውቁት እንጀራዬ ሰው ከዚህ ዳር ወደ ማዶ የሚያሻግሩ ስምንት ትናንሽ ጀልባዎች ናቸው፤ ሞተራቸውን የምጠግነው እኔ ነኝ። የወደቡ ቢሮ አንድ ጠዋት ማስታወቂያ ለጠፈ። ወደ ውሃው የሚወርደውን የመሳፈሪያ ደረጃ ከእንግዲህ የሚጠቀመው በአንድ መሪ የሚታዘዝ ፍሎቲላ ብቻ ነው፤ በተባለው ማክሰኞ ተቆጣጣሪው ፊት አብራችሁ ነድታችሁ አሳዩ፤ ካልቻላችሁ ቦታውን ልቀቁ ይላል። ጀልባዎቹ ከለቀቁ የእኔም ጋራዥ መዘጋቱ ነው። እውነቱን ልንገርዎ አባባ፣ ፈራሁ። ስንት ዓመት ለፍቼ ባዶ እጄን ልመለስ ነው ብዬ ምግብ አልበላ አለኝ።

ችግሩ የእኛ ጀልባ ነጂዎች ዕድሜያቸውን ተሳፋሪ ሲሻሙ የኖሩ መሆናቸው ነው። ደረጃው ላይ እጁን ያነሳ ሰው ከታየ ቀድሞ የደረሰ ይጭነዋል፤ ሌላ ሕግ የለም። ሁሉም አዛዥ፣ ታዛዥ የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብዬ ልመክራቸው ብሞክር፣ ነገረኛው የምንለው አንዱ «አንበሳው ይቆይና መጀመሪያ ማን ከማን ኋላ እንደሚሄድ ይነገረን» አለኝ። በመጨረሻ ጀልባ የሌለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ማንም አይቀናበትም ተብሎ መሪ አደረጉኝ። ልጅዎን ይዩልኝ እንግዲህ፤ ዋና እንኳ በቅጡ የማይችል የባሕር አዛዥ! እኔ ከፊት በሪዛሙ ጀልባ ላይ ቆሜ ቀይ ጨርቅ ሳውለበልብ፣ እነሱ ሲጋጩና ሲሰዳደቡ አሥር ቀን ተለማመድን።

ማክሰኞ ጠዋት ተሰልፈን ስንወጣ ግን አምሮብን ነበር። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ይዞ ደረጃው ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አይፈታም። ግማሽ መንገድ እንደሄድን ፀሐይ ዓይኑን ወጋችው መሰለኝ፣ ግንባሩን ሊከልል እጁን ከፍ አደረገ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና፣ ስምንቱም ያዩት እጅ ብቻ ነው! ሰልፉንም እኔንም ቀይ ጨርቄንም ረስተው፣ ሞተራቸውን እያስጮሁ ወደ ሰውዬው ተፈተለኩ። እኔን የጫነው ሪዛሙ ራሱ «ዛሬስ ማንም አይቀድመኝም» እያለ ይነዳል። «አለቀልን» አልኩ። ስምንት ጀልባ በአንድ ትንፋሽ ደረጃው ሥር ደርሶ፣ ስምንት ሰው እጁን ዘረጋለት፤ «ይግቡ ጌታዬ፣ ወዴት ነዎት?»

ሰውዬው ሰዓቱን አየ። አምና በሌላ መሳፈሪያ አንድ ሰው ውሃ ውስጥ ወድቆ እጁን እያነሳ ሲጣራ፣ የሚደርስለት ጀልባ ሩብ ሰዓት እንደፈጀ ነገረን። የወደቀው ሰው ተርፎ እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ መልሱ ከተቆጣጣሪው ፊት ገባን። «ሰልፉን ገና ተለማመዱ» አለ፤ «ይህን እጅ ሲነሳ አይቶ መድረሱን ግን ማንም እንዳያስተዋችሁ።» እዚያው ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመልን። ነገረኛው አለቀሰ፤ እኔም አልቀረሁም።

እማዬን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ ያዘዘችኝን ሻሽ ሰው ሲመጣ እልካለሁ። ታላቅ እህቴንና መንታዎቹን፣ አልጋዬን የወረሰውን ታናሽ ወንድሜን፣ አክስቴንም በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። ፀጉር አስተካካዩን ደግሞ እርስዎ ራስዎ ሄደው ሰላም ይበሉልኝ፤ ጢምዎም ሳያድግ አልቀረም።

ሌላው ይቅርና ይህን ሳልነግርዎ ደብዳቤውን አልዘጋም። ትናንት ቢሮው መዝገቡን አቀረበልኝና «የፍሎቲላው መሪ» ከሚለው ጎን ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ባሕር አይተው አያውቁም አባባ፤ ስምዎ ግን ከትናንት ጀምሮ ስምንት ጀልባ ይመራል።

ልጅዎ

ከመሳፈሪያው ደረጃ አጠገብ፣ ከሞተር ጋራዡ
ሐሙስ፣ የካቲት ፲፩ ቀን