ክሎዜቱ ውስጥ የተውሽልኝ ቦታ

ሊያዬ፣

እንዴት ነሽ ብዬ ልጀምር አልኩና ራሴን ታዘብኩት። ከተለየሽኝ የፊታችን እሑድ ዓመት ይሞላል። ቤቱ ደህና ነው። ፒኮ ጎዳና ላይ የሚያልፈው አውቶብስ አሁንም መስኮታችንን ያንቀጠቅጠዋል፤ በራችን ላይ ያለው ዛፍ ወይን ጠጅ አበባውን መኪናዬ ላይ አራግፎ ጨርሷል። እኔም ሳልጠርገው ድራይቭ አደርጋለሁ። ፍሪዌይ ላይ ስወጣ አበባው ከመስታወቱ እየተነሣ ወደ ኋላ ሲበር፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ የምትስቂ ይመስለኛል። ዞር ብዬ ያየሁበት ቀንም አለ። ያሳፍራል፤ ግን ካንቺ በቀር ለማን አወራዋለሁ?

የተገናኘነውም በዚሁ መኪና ነው። በአንዲት ጠባብ አዳራሽ ልትዘፍኚ መጥተሽ፣ በማግስቱ ተሳፋሪዬ ሆነሽ ከፌርፋክስ፣ ከሐበሾቹ ሰፈር፣ አንሥቼ ኤርፖርት አደረስኩሽ። ስመለስ ጊታርሽ ከኋላ ትራንክ ውስጥ ቀርቷል። ሶ፣ የሰው ንብረት ነው ብዬ እየከነፍኩ ተመለስኩ፤ አንቺም እኔን ስትጠብቂ አውሮፕላኑ አመለጠሽ። ለንደን ተወልደሽ አማርኛሽን ከእናትሽ ኩሽና የለቀምሽ ልጅ፣ በእንግሊዝ ቅላፄ እግዜር ይስጥልኝ ስትዪኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አንቺም አብረሽኝ ሳቅሽ።

ያን ቀን ነው ታሪክሽን የነገርሽኝ። ትልቅ ኩባንያ አስጠርቶሽ ስምሽን ቀይሪ፣ ዘፈኑንም ሌላ ሰው ይጻፍልሽ ቢልሽ፣ ሻይሽን ጨርሰሽ አመስግነሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲያ የራስሽ አለቃ ራስሽ ሆንሽ። ጊታርሽን አዝለሽ በባቡር ከከተማ ከተማ ዞርሽ፤ መጠጥ ቤት ጥግ፣ መጻሕፍት መደብር ውስጥ፣ አንዴም ዝናብ ላይ ለሦስት ሰውና ለአንድ ውሻ ዘፈንሽ። ሲዲውን ራስሽ አሳትመሽ፣ ፖስታው ላይ የእያንዳንዱን አድማጭ ስም በእጅሽ ትጽፊ ነበር። ተጋብተን እዚህ ከመጣሽ በኋላም ያው ነበርሽ። እኔማ ግትር እልሽ ነበር። አሁን ሳስበው የወደድኩት እሱን ነው።

ስቱዲዮሽ ክሎዜታችን፣ ያቺ ጠባብ የልብስ ክፍላችን፣ ነበር። ልብሶችሽ መሀል ሸርተት ብለሽ ትገቢና፣ ጨርቁ ድምፁን ዋጥ ያደርገዋል ትዪኝ ነበር። ያ ከለንደን ያመጣሽው ግራጫ ካፖርት ከራስሽ በላይ ይሰቀላል። ለዚህ ፀሐይ ካፖርት ምን ይሠራል ብዬ ስንት ጊዜ አሾፍኩብሽ! ካልሲ ፍለጋ ገብቼም ስንቱን ቅጂ አበላሸሁብሽ። የመጨረሻዋን ዘፈን ስትቀጂ ግን በሩ ላይ አስቆምሽኝ፤ አዝማቹን አንተ ተቀበለኝ አልሽ። የኔ ድምፅ የተበሳሳ የመኪና ኤግዞስት ነው፣ ሌላ ቀን ይሁን አልኩ። አንቺም ቦታህን ትቼልሃለሁ ብለሽ በሩን ዘጋሽ። ነገ ነገ ስል ሆስፒታል ገባሽ፤ ከዚያ ወዲያ ነገ አልነበረንም።

አርባሽ ሳይደርስ እትዬ ብርቄ መጡ፤ እነዚያ ፌርፋክስ ላይ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት፣ ልጄ የሚሉሽ። የሟች ልብስ ለነፍሷ ይሰጣል እንጂ ተሰቅሎ አይቀርም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያደግንበት ወግ ነው። ክሎዜቱን እስከ መጨረሻው መስቀያ አራቆትኩት። ገሚሱ በሻንጣ አገር ቤት ሄደ፣ ገሚሱ በዲቪ ለመጡ ልጆች ተከፋፈለ። ሲመርቁኝ ቀለል አለኝ።

ባለፈው ወር ቶም፣ ያ ለንደን ሆኖ ዘፈኖችሽን ሁሉ ያቀናብርልሽ የነበረው ጓደኛሽ፣ ያቺን ዘፈን ላከልኝ። ለሙት ዓመትሽ እናውጣት፣ ክፍቱን ቦታ አንተ ካልሞላኸው ሌላ ዘፋኝ እናስገባ አለኝ። ሌላ ሰው! ብታምኚም ባታምኚም ቀናሁ። ኦኬ፣ እሞክራለሁ ብዬ ማይክሽን ይዤ ክሎዜቱ ውስጥ ገባሁ። ወይ ጉድ! ባዶ በርሜል ውስጥ የሚጮህ ሰው መሰልኩ። የራሴን ሸሚዞች ብሰቅል ምንም አልፈየዱም። ቶምም ሰምቶት፣ እሷና አንተ አንድ ክፍል ውስጥ ያላችሁ አትመስሉም አለኝ። ያኔ ገባኝ። ለነፍስሽ ብዬ የዘፈንሽበትን ቤት አፍርሼ በትኜዋለሁ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እትዬ ብርቄ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ሐዘንተኛ ዓመት ሳይሞላው አይዘፍንም ብለው ይቆጡኛል ስል፣ ለሟች ሲሆን ሙሾ ነው፣ ሙሾ ደግሞ አይከለከልም አሉና፣ ሰዉን ልብስ ይዛችሁ ኑ ሊሉ ስልካቸውን አነሡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረጃችን ሰው በሰው ሆነ። ከቫን ናይስ ድረስ ያን ትራፊክ ችለው የመጡ አሉ። ጋቢ ያመጣ፣ የሠርግ ቀሚሷን ያመጣች፣ አንዱማ የሴኩሪቲ ዩኒፎርሙን! ካፖርትሽ የደረሳት ትዕግሥት፣ አረጋውያን የምትንከባከበው ልጅ፣ በዚያ ሙቀት ለብሳው ላቧ እየተንቆረቆረ መጣች። አውልቃ ልክ በቦታው ሰቀለችው፤ ማን እንደነገራት እንጃ። ሽታው የሷ ሎሽን ነበር። ቢሆንም ፊቴን ቀበርኩበት።

በሩን ዘግቼ ሄድፎንሽን አደረግኩ። ያ ሁሉ ሰው ሳሎናችን ውስጥ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። ድምፅሽ መጣ፤ ጨለማው ውስጥ፣ ልብሱ መሀል፣ ጉልበትሽ ጉልበቴን ነካኝ ብል አልዋሸሁም። ሌላ ጊዜ የምሰማው መኪና ውስጥ ነበርና፣ የተውሽልኝ ቦታ ባዶ ይመስለኝ ነበር። ባዶ አልነበረም። በጣትሽ ጉልበትሽን አራት ጊዜ መታ መታ ታደርጊያለሽ፣ ከዚያ ትንሽ ሳቅ አለ። ዜማ ስሳሳት የምትስቂያት ያቺው ሳቅ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እምቢ ብልም፣ አንቺ ገና ሳልዘፍን በልብሽ ሰምተሽኝ ስቀሽብኛል። እንባዬ እየወረደ ዘፈንኩ፤ አዘፋፈኔን ተይው።

ዘፈንሽ እሑድ በስምሽ ይወጣል፤ አንድም ኩባንያ አልነካውም። ልብሱን ሁሉም ይዞ ሄዷል፤ ትዕግሥትም ካፖርቱን፣ ይሙቃት። ቶም ሳቋን ላጥፋት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ወዮልህ አልኩት። እኔ በሕይወት እያለሁ ያቺን ሳቅ ማንም አያጠፋትም፣ እኔም አልረሳትም። ሲዲውን የሚፈልጉ አድማጮችሽ ስለጻፉልኝ ፖስታዎቹንም ጀምሬያለሁ፤ ስማቸውን አንድ በአንድ በእጄ ነው የምጽፈው። የእጅ ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ። ሳቂብኝ።

ያንቺው ዘሪሁን