ሳይራገፍ የቀረው ነዶ

ለሳቂታው አባቴ፣

ከተለየኸን የፊታችን ሚያዝያ ዓመት ይሞላል። እስካሁን ልጽፍልህ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የምነግርህ ሁሉ ኀዘን እየሆነብኝ እተወው ነበር። ዛሬ ግን ደስ የሚል ወሬ አለኝና ጆሮህን ስጠኝ፣ አባዬ።

አሁንም እዚያው ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ እዚያችው ቤታችን ነን። በር ላይ ትጋደምበት የነበረውን አንገረብ ትንሿ ልጅህ ትርንጎ ወርሳዋለች፤ አልጋው የእኔ ነው እያለች ማንንም አታስቀምጥም። ስምንት ዓመት ሞላት፤ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በአረብኛ እያወራች ታደነቁረናለች። እማዬ ከቀበርንህ ቀን ጀምሮ ጥቁሯን አላወለቀችም። ከጥቁሩ ይልቅ የከበደን ግን ሳቋ መጥፋቱ ነው።

ገና ሲቃረብ ትርንጎ፣ በየዓመቱ ካንተ ጋር የምንሠራውን ጌጥ መቼ ነው የምንሠራው እያለች ትነዘንዘን ጀመር። እማዬ፣ ዓመት ያልሞላው የሐዘን ቤት ጌጥ አይሰቀልበትም ብላ ቆረጠች። ወግ ነው፤ አልፈርድባትም። እኔ ግን ፈራሁ። ዘንድሮ ዝም ካልን ትርንጎ ያንተን በዓል የምትረሳው፣ እማዬም እንደተከፋች የምትቀር መሰለኝ። ስለዚህ ተደብቀን ሠራን፤ ይቅር በለን።

እማዬ ሥራ ስትውልልን ከማሽላ አገዳ ልጣጭ ኮከብ አጠፍን፤ የሚያብለጨልጨውን የሻይ ቅጠል መጠቅለያ ወረቀት እየቆረጥን በጆንያ ክር ቀጣጠልነው። ያንተ ኮከብ አምስት ጫፍ ነበረው። የእኛ፣ ማን ይሙት፣ አንዴ አራት አንዴ ሰባት ይወጣል። ትርንጎ ባለ ሰባቱን ይዛ፣ ወላሂ ይሄ ከአባዬ ይበልጣል ብላ አልጋ ሥር ሸሸገችው።

የጎደለን ዛፉ ነበር። እዚህ አገር ጥድ ከየት ይመጣል? ያንን ዓመት መቼም አትረሳውም፤ ከእርሻው አንድ ነዶ ሰሊጥ ተሸክመህ መጣህና ጥድ እንዲመስል ብለህ ቁልቁል ከጣሪያው ሰቀልከው። ዕድሜህን ሰሊጥ ስታራግፍ የኖርክ ሰው፣ ነዶው አለመራገፉን ረስተህ! ዳቦው ሊቆረስ ሲል ኮከቡን ላቃና ብለህ ብትነቀንቀው ፍሬው በሙሉ ራሳችን ላይና ዳቦው ላይ ወረደ። እማዬ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችብህ። አንተ ደግሞ ሆን ብዬ ነው፣ በረከት ነው ብለህ ድርቅ አልክ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ነዶ ሳናራግፍ ማስቀረት የቤታችን ልማድ ሆነ። ዘንድሮ ግን የሚያስቀርልን የለም ብዬ ነበር።

የገና ዕለት ጠዋት እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ቀድማን ተመልሳ ኖሯል። ስንገባ አንድ ነዶ ሰሊጥ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፤ ፍሬው እንዳይረግፍ ጫፉ ባንተ ፎጣ ታስሯል። ለካ በጥቅምት አጨዳ ስትውል አስቀርታ ጎረቤት ቤት ደብቃው ነበር። እኛ ተደበቅን ስንል እሷ ቀድማናለች! አልጋ ሥር ያለውንም ታውቅ ኖሮ ኮከባችሁን አምጡ አለችን። አንገረብህ ላይ ወጥታ ባለ ሰባት ጫፉን ኮከብ አሰረችውና ፎጣውን ፈታችው።

ነጩ ሰሊጥ ጥቁር ልብሷ ላይ ፈሰሰ። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ላቅፋት ተጠጋሁ። እማዬ ግን ሳቀች፣ አባዬ። እንደዚያን ቀን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ትርንጎ ዳቦውን አበላሸሽው ብትላት፣ ሆን ብዬ ነው፣ በረከት ነው አለቻት።

ጥቁሩን እስከ ሙት ዓመትህ አታወልቀውም። ሰሊጡን ግን ከላዩ አላራገፈችውም፤ እንግዳ እየተቀበለች ቀኑን ሙሉ እንደያዘችው ዋለች። እኔም ቃሌ ይኸው፤ የትም ብኖር፣ በየገናው አንድ ነዶ ሳይራገፍ ይጠብቅሃል።

ልጅህ የሺ