ናሙና ቁጥር 17ን የጠጣው ወንድምዎ

ለተከበሩ የምርምር መጽሔቱ ዋና አዘጋጅ፣ የተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ፣ እንዲሁም ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ወንድም ጋሼ ለምልዎት ፕሮፌሰር፤

ይህች ደብዳቤ ከግቢዎ በር ፊት ለፊት ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ተነስታ፣ አስፋልቱን በሰላም ተሻግራ፣ እርስዎን ከነጤናዎ፣ መነጽርዎንም ከነመስታወቱ እንድታገኝልኝ እመኛለሁ። መነጽሩን ለይቼ ያነሳሁት ለነገር አይደለም፤ ገጽ 43 ግርጌ ላይ ያለው ፊደል በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ትምህርትና እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ያለ ጠብ ተለያይተን፣ እሱ ግቢው ውስጥ ሲቀር እኔ ከበሩ ማዶ ስቴፕለር ይዤ የተቀመጥኩ ጠራዥ ነኝ። መጽሔትዎን በዓመት ሁለት ጊዜ የምጠርዘው፣ ጠርዙን የምከረክመው፣ የሥነ ምግባር ደንቡ የታተመበትን ሽፋን የምለጥፈው እኔ ነኝ። ከመደጋገሙ የተነሳ ደንቡን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ከግቢው ውስጥ በቃሉ የያዘው ሰው ካለ ግን እስካሁን አልተዋወቅንም።

አሁን ወደ ዝምድናችን ልምጣ። በመጨረሻው እትም ስለ ትምህርት ቤቶች የቧንቧ ውሃ የሚያትት፣ የእርስዎን ስም ከፊት፣ የምክትልዎን ከመሃል፣ የምክትልዎን ባለቤት ስም ከኋላ ያሰለፈ ድንቅ ጽሑፍ ወጥቷል። የዚህ ጽሑፍ ገጽ 43 የግርጌ ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ «ናሙና ቁጥር 17ን ወንድሜ ከፍሪጅ አውጥቶ ስለ ጠጣው ውሃው በድጋሚ ተቀድቷል።»

ወንድም ጋሼ፣ የጠጣሁት እኔ ነኝ።

ይህን ለእናቴ ባነበብኩላት ጊዜ፣ የወለደችው ሁለት ልጅ ብቻ ይመስላት ስለነበር ትንሽ ደንገጥ አለች። ዕድሜዎን ጠይቃኝ በአራት ዓመት እንደሚበልጧት ስነግራት ግን «እንግዲህ የእግዜር ሥራ አይታወቅም፤ ከመጣልኝስ ጣሪያውን ይጠግንልኝ» ብላለች። ሚስማሩን እኛ እናቀርባለን።

የምርምር ሰው ቁጥር ስለሚወድ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ደንብዎ በአንቀጽ አንድ «ደራሲ ማለት ሥራውን የሠራ ነው» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ በሠላሳ ስምንት ትምህርት ቤት ቧንቧ ሥር ያጎነበሰችው፣ ጠርሙሷን እንደ ሕፃን አቅፋ በታክሲ ስትመላለስ ረዳቱ «እማማ፣ የታቀፉት ይከፍላል?» እያለ ሲቀልድባት የነበረው፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት እህቴ ናት። ፍሪጃችን ውስጥ የወጥ ቦታ ጠፍቶ እናቴ «ይህ ቤት የሰው ነው ወይስ የውሃ?» እስከማለት ደርሳለች። እርስዎ ግን በጽሑፉ መጨረሻ «ውሃ ላመላለሰችልን ሠራተኛ» ብለው ስላመሰገኗት፣ እንዳትታበይም ስሟን ስለተዉላት፣ ቤተሰቡ እጅ ይነሳል።

2ኛ. ይህንኑ ጽሑፍ እህቴ ረቂቁን ስታመጣልዎት «እስቲ ልየው» ብለው ተቀብለው፣ ደጅዎን በጠናች ቁጥር «ገና አልበሰለም» እያሉ ሰባት ወር አቆዩት። በስምንተኛው ወር በእርስዎ ስም ሥር ሲሆን ባንድ ጀምበር በመብሰሉ ምድጃዎን አድንቀናል።

3ኛ. አንቀጽ አራት «እያንዳንዱ ጽሑፍ ስማቸው በማይገለጽ ሁለት ገምጋሚዎች ይመረመራል» ይላል። ስማቸው አለመገለጹ ደግ ነው፤ ቢገለጽ ኖሮ ማንበብ እንደማይችሉ ሰፈር ያወራባቸው ነበር። ሦስት ደራሲና ሁለት ገምጋሚ (አዘጋጁም እርስዎ ስለሆኑ ሁለቴ አልቆጥርዎትም) አምስት የተማረ ሰው በዚያች መስመር ላይ ተረማምዶ ሲያልፍ፣ እኔ በሻይ ሰዓቴ በአንድ እጄ ዳቦ ይዤ አገኘኋት።

ከ4ኛ እስከ 16ኛ ያሉትን ለጊዜዎ በማዘን ዘልያቸዋለሁ።

17ኛ. ስለዚያች ቀን ባለቤቱ እኔ ስለሆንኩ ልንገርዎት። ኳስ ተጫውቼ ጉሮሮዬ ደርቆ ገባሁ፤ ፍሪጅ ከፈትኩ፤ ጠጣሁ። እህቴ ባዶውን ጠርሙስ ስታይ ትጮሃለች ብዬ ጆሮዬን ስይዝ፣ ደብተሯን አውጥታ «በስንት ሰዓት ጠጣኸው?» አለችኝ። «እንዴ እትዬ፣ ይኼም ሊጻፍ ነው?» ብላት «የሆነው ሁሉ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ ውሸት ነው» አለችኝ። በማግስቱ ሆዴ ተገልብጦ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሦስት ቀን ስተኛ እሱንም ጻፈችው። እኔ ስለ ሥነ ምግባር የተማርኩት ያን ቀን በሆዴ ነው፤ ከሽፋንዎ ላይ ካለው ደንብ በፊት።

እንግዲህ ይህች የጠጣሁትን ሳትደብቅ የጻፈች ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ባስገባች በሳምንቱ ኮምፒውተሩ «ከፕሮፌሰሩ ጽሑፍ የተቀዳ ነው» አለ። ኮምፒውተር ምን ያድርግ፣ ቀድሞ የታተመውን ነው የሚያምነው። በዚህም መሠረት የፊታችን ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ በእርስዎ ሰብሳቢነት፣ በጽሑፍ ስርቆት ተከሳ ትቀርባለች፤ ከፈረዱባት ዲግሪዋንም ሁለት ዓመቷንም ውሃ በላው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ስሰማ አድጌያለሁ፤ አይጧ ራሷ ሰብሳቢ ሆና ዳዋውን በደብዳቤ ስትጠራ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

እህቴ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «ተወው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጭራሽ ያስጨርሱኛል» ትላለች፤ ሦስት ቀን ሆናት፣ ወጡ ፊቷ ሲቀዘቅዝ ታየዋለች እንጂ አትጎርስም። እኔ ግን የታናሽነት ምክሬን ለእሷ ብቻ ሰጥቼ ታላቅ ወንድሜን ብነፍግ አድሎ ይሆንብኛል።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎት አንዲት ነገር ናት። እስከ ሐሙስ ድረስ በደንብዎ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ማረሚያ ያውጡና ስሟን ከፊት፣ የእናንተን ከጽሑፉ ውጭ ያድርጉት። ማረሚያውን በነጻ እጠርዛለሁ። ይህ ካልተመቸዎት ደግሞ ሐሙስ ዕለት ያንን ውሃ የጠጣ ወንድምዎን ይዘው ይቅረቡ። እኔም የጤና ጣቢያ ካርዴን ይዤ እመጣለሁ፤ ካርዱ ላይ ያለው ቀን እህቴ ደብተር ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ሁለታችንን ጎን ለጎን አቁሞ ማን የማን ወንድም እንደሆነ መለየት ለኮሚቴው አይከብድም።

እስከዚያው ገጽ 43ን አጉልቼ፣ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤታችን ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ በነጻ አባሪ እያደረግሁ ነው። ትናንት አንድ የኬሚስትሪ መምህር ፈተና ሊያባዙ መጥተው አነበቡና «ወንድሙ አንተ ነህ? ሆድህስ ተሻለህ?» አሉኝ። «ደኅና ነኝ፣ አሁን የታመመው ሌላው ወንድማችን ነው» አልኳቸው። ሁለት ተጨማሪ ቅጂ ወስደዋል።

እናቴን፣ ጣሪያችንንና ባዶዋን ጠርሙስ ወክዬ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ የምሰናበትዎ፣ በጋብቻም በደምም ሳይሆን በግርጌ ማስታወሻ የተዛመድኩዎት፣

ታናሽ ወንድምዎ፣ ጠራዡ

ማስታወሻ፦ በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የውሃ ጆግ የሚሞላው በግቢው ውስጥ ካለው የሠራተኛ ልጆች ትምህርት ቤት ቧንቧ ነው። ስለዚያ ቧንቧ በራስዎ ጽሑፍ ሰንጠረዥ ሁለት፣ አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ «ለመጠጥ አይሆንም» ተብሎ ተጽፏል። ልጆቹ እህቴ ካስጠነቀቀቻቸው ጀምሮ ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ለሌሎቹ የኮሚቴ አባላትም እኔ ነግሬያቸዋለሁ። እርስዎ ግን ደራሲው ስለሆኑ መንገሩ ድፍረት መስሎ ስለታየኝ ተውኩት። ምናልባት ከጠጡት ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ ወንድሙ ነኝ ይበሉና በእኔ ካርድ ይታከሙ።