በሉቃስ ዓመት የጎደሉ ሦስት ካርዶች

ደብረ ብርሃን
ነሐሴ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለናፈቅኩህ ወንድሜ፤

ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ነው የምጽፍልህ። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። ሦስቱን ካርዶች ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አሁን ሰላምታዬን ልስጥህ። ከሰላምታው ብጀምር ኖሮ እንደ እስከ ዛሬው እሱው ይበቃኝና ብዕሩን አስቀምጥ ነበር። እንደምን ከርመሃል? ያ የሚያምህ ጉልበትህ እንዴት ሆነ? ወንድሟ አብሮህ የታሰረው አስካለማርያም ስንቅ አድርሳ ስትመለስ፣ የምትተኙበት ወለል ሲሚንቶ ነው ብላ ነገረችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍራሽ ላይ መተኛት ያሳፍረኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው ቢሮ ነኝ። ጠዋት ጠዋት የዝናብ መለኪያውን አይቼ እመዘግባለሁ፤ ወንበርህ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

አንድ ድፍረትም ይቅር በለኝ። አምስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስልህ ኖርኩ። በዚህ ወረቀት ላይ አንተ ልበልህ።

ባሌ ኪዳነ ማርያም ኦጋዴን ዘምቶ ሲቀር ከአንኮበር ወጥቼ በጽዳት የተቀጠርኩ ሰው ነበርኩ። የኛን ፊደል ብቻዬን ቆጥሬያለሁ፤ የፈረንጁን ደግሞ አንተ ከጣልካቸው ካርዶች ላይ ለቀምኩት። አንድ ቀን መጥረጊያ ይዤ ሳነብ ደረስክብኝና «እትዬ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?» አልከኝ። «የቆሻሻ ቅርጫቱ» አልኩህ። እንባህ እስኪመጣ ሳቅክ። በማግስቱ ከጠረጴዛህ አጠገብ ወንበር አስቀመጥክልኝ።

የዝናቡን ፕሮግራም፣ ማሽኑ የየጣቢያውን ዝናብ እንዲደምር በካርድ ተበስቶ የሚታዘዝበትን፣ ያኔ ነው ያስረዳኸኝ። ባለቤት የለውም አልከኝ። ከአገር አገር በነጻ ይዞራል፤ የደረሰው ሰው ለራሱ እንዲሆን ያርመዋል፣ ያረመውንም በአንድ ካርድ ላይ ስሙን ጽፎ መልሶ ለሁሉም ይልካል። «ደቦ ነው» አልከኝ፤ «ልዩነቱ፣ እዚህ የሚያርሱት ሰዎች አይተያዩም።» አንተም የኛን ዘመን አቆጣጠር፣ ጳጉሜን ሳይቀር፣ ጨምረህበት ስምህን ጽፈህ ነበር።

በሰባ አምስት አዲስ አበባ ያለው ማሽን ሲለወጥ ግን አዲሱ የድሮውን ፎርትራን፣ ካርዶቹ የተጻፉበትን የማሽን ቋንቋ፣ አልቀበልም አለ። ሰባት ሺህ ካርድ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ መዛወር ነበረበት። አዲሱን ፈረንጆቹ «ሰባ ሰባት» ብለውታል ስትለኝ፣ «እኛ ገና ሰባ አምስት ላይ ነን፤ እስክንደርስበት ለምን ሁለት ዓመት እረፍት አይሰጡንም?» አልኩህ። እረፍት አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ እኔ አሮጌውን ካርድ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፣ አንተ አዲሱን ትጽፋለህ። ቅንፍ ክፈት፣ ነጥብ፣ ቅንፍ ዝጋ። ውጭ ጉሙ መስኮቱ ድረስ ይመጣል። በሕይወቴ እንደዚያ ክረምት ያጠረብኝ የለም። ዛሬም ምስር ስለቅም ከአፌ «ቅንፍ ክፈት» የሚል ይወጣል፤ ቀና ስል የሚጽፍልኝ ሰው የለም።

ካድሬው ታመነ የመጣው ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። ካርዶቹን እያገላበጠ አንዱ ላይ ቆመና «ጓድ፣ ይህ ሉቃስ የሚባለው በየትኛው ክፍል ነው የሚሠራው?» ብሎ ጠየቀህ። አንተም መች አርፈህ! «ሉቃስማ በአራት ዓመት አንዴ ነው ሥራ የሚገባው» አልከው። ቦሰና ከታይፕራይተሯ ኋላ በሳቅ ፍርፍር አለች። ታመነ አልሳቀም። በመንግሥት ሥራ ውስጥ የወንጌላዊ ስም ምን ያደርጋል ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ከመሳቢያው ዳዊት ተገኝቶ ከተወሰደ ገና ሳምንቱ ነበር።

አንተ በማግስቱ የማሽን ተራ ልትይዝ አዲስ አበባ ወረድክ። እኔ ሳጥኖቹን ከፍቼ የሉቃስ ስም ያለባቸውን ፈለግኩ። ሦስት ሆኑ። ለሰው ማስታወሻ ብቻ ሆነው ማሽኑ የሚያልፋቸው ካርዶች እንዳሉ አስተምረኸኝ ነበርና፣ እነዚህም እንደዚያ መሰሉኝ። አንዱ እንደዚያ ነበር። ሁለቱ ግን በሉቃስ ዓመት ጳጉሜ ስድስት ቀን መሆኗን ለማሽኑ የሚነግሩት ነበሩ። ፊደሉን አወቅኩ እንጂ ቋንቋውን አላወቅኩም ነበር። በነጠላዬ ጠቅልዬ ወሰድኳቸው፤ ያዳንኩህም መስሎኝ ያን ሌሊት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ስትመለስ ሳጥኖቹን አዲስ አበባ ወስደህ በሰባ አራት ዝናብ ፈተንከው። ማርቆስ ነውና ጳጉሜ አምስት ነበረች፤ እስከ መጨረሻው ቁጥር ገጠመ። የሰባ አምስቱ ሲገባ ግን ማሽኑ አምስት ቀን ቆጥሮ የተረፈውን የስድስተኛዋን ቀን ካርድ የሚቀጥለው ጣቢያ ነው ብሎ ያዘው። ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ሁሉ በጎረቤቱ ስም ታተመ፤ የአንኮበር ዝናብ ከአልዩ አምባ በታች ላለው ቆላ ተሰጠ። እህሉም በዚያ ዝርዝር ተደለደለና ቆላው ዘንቦለታል ተብሎ ሳይደርሰው ቀረ።

ኅዳር ላይ የዚያ ጣቢያ መዝጋቢ ዓወል ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ መጣ። አንተ አልነበርክም። «ወላሂ፣ እኔ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ ብዬ ነው የላክሁት» አለኝ። «በወረቀት ካዘነባችሁልን እንግዲህ ከወረቀቱ አውርዱልና፣ እታለም!» እዚያው ቆሜ ሁሉም ነገር ገባኝ። እኔ ግን «ነገ ና» አልኩት። ሄደ። በኋላ ጠይባ የምትባለውን ልጁን እንደቀበረ ሰማሁ።

ጥር ላይ አሻጥር ነው ብለው ሲመጡብህ በሩ አጠገብ ነበርኩ። «ስህተቱ የእኔ ነው» አልክ። ወደ እኔ አልዞርክም። የፕሮግራሙ ኃላፊ አንተ ነህና ነው ብዬ ራሴን ሦስት ዓመት ተኩል አባበልኩት።

ባለፈው ወር አብሮህ ታስሮ የነበረው ገብረ ጻድቅ ተፈቶ መጣ። ቃልህን ሲያነቡብህ ሰምቷል። «ሦስት ካርድ በገዛ እጄ አወጣሁ» ብለህ ፈርመሃል አለኝ።

ሦስት መሆናቸውን እኔ ያኔ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ አልጠይቅህም። ለምን እንደሆነም አልጠይቅህም፤ እሱን ቃል ሳታወጣ የነገርከኝ ይመስለኛል፣ እኔም የምመልሰውን አውቀዋለሁ።

ዘንድሮ ዘመኑ ሉቃስ ነው። ካርዶቹን ከሣጥኔ አውጥቼ በየቦታቸው መልሻለሁ። ከፊታቸውም የራሴን ስምና ያደረግኩትን የሚናገር አንድ ካርድ አስገብቻለሁ። ፕሮግራሙ የሚሄድበት አገር ሁሉ ይሄዳል። ዓወል ጋም ወርጄ ነበር። ነገርኩት። ደብተሩን አውጥቶ የባዶዎቹን ገጽ ፊቴ ዘረጋው።

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ጉልበትህን የምትሸፍንበት ጋቢ ይዤልሃለሁ፤ ለራሴም አንድ ደርቤያለሁ።

የአንኮበር ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። ከዚያ ወለል ተነስተህ በፀሐይ የምትሄድበትን ቀን ያቅርበው።

ካርድ ታነብልህ የነበረችው እህትህ

አስካለማርያም ወረቀቱን ከስንቁ ሥር ደብቄ ላድርስልሽ ብላኝ ነበር። አይሆንም አልኳት። ሳላሽገው ይዤው እመጣለሁ፤ ከእጄ የሚቀበሉኝ የምርመራው ኃላፊ ሻምበል ወልደተንሣኤ ናቸው።